ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ቱግ የሚል ሰውን ማስታመም
ጭንቅላቱ የተመታ ሰው በትንሽ ነገር ቱግ ቢል ወይም ድንገት ቢያለቅስ ጠባዩ ከፍቶ አይደለም፤ የተጎዳ አንጎል ቶሎ ይደክማል፣ ስሜትን መግታትም ያቅተዋል።

ለ1 ሳምንት ንዴቱ የመጣበትን ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የነበረውን እንቅልፍ፣ ምግብና ጫጫታ ደብተር ላይ ጻፉ። ብዙ ጊዜ ድካም ሲበረታ ይብሳል፤ ስለዚህ ሳይደክመው በፊት ጸጥ ባለ ክፍል 20 ደቂቃ ይረፍ።

ጠያቂ ሲበዛ ይከብደዋል፦ ሁለት ሁለት ሆነው ይግቡ፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። መንጋጋው ሲጠብቅ፣ እጁ ሲጨበጥ «ልውጣ» የሚልበት ምልክት ይኑራችሁ። ሲወጣ ተከትላችሁ አትምከሩት፤ ያን ጊዜ ምክር ያባብሳል። መጠጥና ጫት ይቅርበት።

ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም መሞትን ካነሳ ብቻውን ሳትተዉት ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።