በዘመናዊ የቡድሃ ማኅበር ውስጥ የመምህርንና የደቀ መዝሙርን ግንኙነት እንዴት መመርመር ይቻላል?

ሸሁን የሚያገለግል ደረሳ፣ የኔታን የሚታዘዝ የቆሎ ተማሪ እያየ ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው፣ ከደሴ ወይም ከወልድያ ሆኖ በስልኩ ሶካ ጋካይ የተባለውን የጃፓን የቡድሃ ማኅበር ትምህርት መከታተል ሲጀምር፣ «የመምህርና የደቀ መዝሙር አንድነት» የሚለውን ሐሳብ እንደ ለመደው ነገር ሊቀበለው ይችላል። ሳይቸኩል ቢመረምረው ለራሱም ለእምነቱም ይበጀዋል።

አስቀድመው ታሪኩን ይወቁ። ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1930 የመሠረቱት ማኪጉቺና ቶዳ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን የትምህርት ሰዎች ናቸው። የጃፓን ነባር ሃይማኖት የሆነውን የሺንቶን፣ የኢሴ ቤተ መቅደስ ክታብ አንቀበልም በማለታቸው በ1943 ታሰሩ፤ ማኪጉቺም በ1944 እዚያው እስር ቤት አረፉ። ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ዳይሳኩ ኢኬዳም ቶዳን በአካል ያገለገሉ ሰው ነበሩ። እስከዚህ ድረስ መምህሩና ተማሪው ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር። ኢኬዳን «መምህሬ» ከሚሉት የዓለም አባላት አብዛኞቹ ግን በአካል አግኝተዋቸው አያውቁም፤ እርሳቸውም በ2023 አርፈዋል። በ2017 የጸናው የማኅበሩ ሕግ ሦስቱን ፕሬዚዳንቶች የዘላለም መምህራን አድርጎ ደንግጓል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ያረፈ መምህር በስሙ የሚናገሩትን ሊያርም አይችልምና። ስለዚህ መመሪያ በደረስዎ ቁጥር፣ የሚናገሩት መምህሩ ናቸው ወይስ በስማቸው የሚናገረው ድርጅት ነው ብለው ይጠይቁ።

መጠየቅ ከእምነት መጉደል ነው የሚል ሰው ቢገጥምዎ የሚመልሱለት አለዎት። ቡድሃ ካላማ ለተባሉ የጥንት ሕንድ ሰዎች፣ «ይህ መምህራችን ነው» ተብሎ ብቻ ትምህርትን እንዳይቀበሉ ነግሯቸዋል፤ በሌላ ስብከቱም እርሱን ራሱን በዓይንና በጆሮ እንዲመረምሩት ደቀ መዛሙርቱን ጋብዟል። ሶካ ጋካይ ትምህርቱን የሚከተለው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓናዊ መነኩሴ ኒቺረንም ከሰው ይልቅ ሕጉን፣ ማለትም የቡድሃን ትምህርት፣ መከተል እንደሚገባ ኒርቫና ሱትራ ከተባለው የቡድሃ እምነት መጽሐፍ እየጠቀሰ ጽፏል። ሶካ ጋካይም ቢሆን በ1991 ኒቺረን ሾሹ ከተባለው፣ ቀድሞ አብሮት ከነበረው የቡድሃ እምነት ክፍል ካህናት ሲለያይ፣ በምእመኑና በሕጉ መካከል ካህን ሊቆም አይገባም ብሎ ተከራክሯል። ይህን ያለ ማኅበር ያው ጥያቄ ወደ ራሱ ሲዞር ሊከፋው አይገባም።

ቀጥሎ ስለ መውጫው ይጠይቁ። በእኛ አገር ደረሳ አንዱን ኪታብ ከአንዱ ሸህ ተምሮ ለሌላው ዕውቀት ወደ ሌላ ሸህ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ሸህ ዱዓ አድርገው ይሸኙታል እንጂ ከሃዲ አይሉትም፤ ሲበቃም ራሱ ያስተምራል። በማኅበርዎስ ደቀ መዝሙርነት የሚያበቃበት ወይም ተማሪው የሚበቃበት ጊዜ አለን? የወጡ ሰዎች ስማቸው እንዴት ይነሣል? የተባረሩ ወይም የተሳሳቱ ተብለው ብቻ የሚጠቀሱ ከሆነ ነገሩን ልብ ይበሉ።

ጥያቄዎን በስብሰባ መካከል ሳይሆን ለብቻ፣ በጽሑፍ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ተወስነው ያቅርቡ፤ ለምሳሌ «ጋሼ፣ ኢኬዳ ተሳስተዋል ተብሎ በማኅበሩ የታመነበት ነገር ካለ ቢነግሩኝ» ማለት ይቻላል። ከዚያ መልሱን ብቻ ሳይሆን አመላለሱንም ይመልከቱ። «ጸሎትዎን ያብዙ፣ ጥርጣሬው ይለቅዎታል» ከተባሉ ጥያቄው ሳይመለስ ጠያቂው ተመርምሯል ማለት ነው። ድብደባ ወይም ወሲባዊ በደል ካለ ግን ጥያቄ ማቅረቡን ትተው ይራቁ፤ ለሕግም ያመልክቱ። በ2017 ሪግፓ የተባለው የቲቤት ቡድሃ እምነት ማኅበር ስምንት ተማሪዎች በመምህራቸው በሶግያል ሪንፖቼ ላይ የጻፉት ግልጽ ደብዳቤ ሲወጣ፣ በታዛዥነት ስም ለዓመታት የተሸፈነ ነገር ለአደባባይ በቅቷል።

መልስ እስኪያገኙ ድረስ አዲስ ኃላፊነት አይቀበሉ፤ መዋጮም ያቆዩ። ጸሎቱን በቤትዎ መቀጠል ይችላሉ፤ ለዚያ የማንም ፈቃድ አያስፈልግዎትም።