የድንጋይን እፍግታ እንዴት እንለካለን? ጣጣው ያለው ይዘቱ ላይ ነው

እፍግታ፣ ብዙዎቻችን ዴንሲቲ ማለት የሚቀናን፣ ቀመሩ አንድ መስመር ነው፤ መጠነ ቁስ (ሚዛን ላይ የምናነበው ግራም) ሲካፈል ለይዘት (ነገሩ የሚይዘው ቦታ)። ይህን ሸምድዶ ፈተና ላይ መጻፍ ማንንም አያቅትም። ቅርጹ የተንሻፈፈ ድንጋይ እጃችን ላይ አስቀምጠው "በሉ ለኩ" ሲሉን ነው ጉዱ የሚፈላው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እፍግታና ክብደት አንድ አይደሉም። ድንጋዩን በመዶሻ ለሁለት ብትከፍሉት እያንዳንዱ ቁራጭ ይቀላል፤ እፍግታው ግን ንቅንቅ አይልም፣ ከውስጥም ከውጭም አንድ ዓይነት ድንጋይ እስከሆነ ድረስ። በመሬት ሳይንስ ተፈላጊ ያደረገውም ይኸው ነው፤ የናሙናው መጠን ምንም ይሁን ምን ስለ ምንነቱ ይናገራል።

1. ድንጋዩን ምረጡ፣ እጠቡ፣ አድርቁ። ከቡጢ ትንሽ ያነሰ ቢሆን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ቁጥር 3 ላይ ይመጣል።

2. በደረቁ መዝኑት። ከውሃ በፊት መሆን አለበት! ቀድመው ውሃ ውስጥ የነከሩት ድንጋይ በየስንጥቁ ውሃ ይዞ ይወጣና የሚዛኑን ንባብ ያሳስታል።

3. ይዘቱን ለኩ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የተለመደው መንገድ የመለኪያ ሲሊንደር ነው። ውሃ ትጨምራላችሁ፣ ታነባላችሁ፣ ድንጋዩን ታስገባላችሁ፣ እንደገና ታነባላችሁ፤ ልዩነቱ የድንጋዩ ይዘት ነው። አንድ ሚሊሊትር ማለት አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። በብርጭቆ ሲሊንደር ውስጥ ውሃው ጠርዙ ላይ ወደ ላይ ይሳብና መሃሉ ሰርጎድ ይላል። የሚነበበው የሰርጓዳው ታች ነው፤ ዓይናችሁም ከእሱ ጋር እኩል ይሁን። ቆማችሁ ከላይ ወደ ታች ካያችሁ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያችኋል። ድንጋዩን ደግሞ ከላይ አትልቀቁት፤ በክር አስራችሁ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት። እኔ አንድ ጊዜ ለቅቄው የሲሊንደሩ ታች ተሰንጥቆ ውሃው ደብተሬ ላይ ፈሷል። ድንጋዩ ላይ የተለጠፉ የአየር አረፋዎች ካሉ ክሩን ነቅነቅ አድርጋችሁ አስለቅቋቸው። አረፋ እንደ ድንጋይ ይቆጠራልና ይዘቱን ያሳብጣል፣ እፍግታውን ያሳንሳል።

ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ብትሠሩም የሲሊንደሩ መስመሮች ያታልሏችኋል። 40 ግራም የሚመዝን ግራናይት 15 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይዘት ቢኖረው እፍግታው 2.67 ይሆናል። በአንዲት መስመር ብቻ ተሳስታችሁ 14 ብታነቡ 2.86 ይወጣል፣ ይህም የባዝልት ዓይነት ቁጥር ነው። 16 ብታነቡ ደግሞ 2.5። አንዲት መስመር አለቱን ሌላ አለት አደረገችው። ወደ ቡጢ የሚጠጋ ድንጋይ እመርጣለሁ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ያቺው አንድ መስመር በ60 ላይ ስትሆን ጉዳቷ ያንሳል። ችግሩ ትልቅ ድንጋይ ሲሊንደር ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ዲጂታል ሚዛን ካላችሁ ሲሊንደሩን ተዉት። ቢከር (አፉ ሰፊ የቤተ ሙከራ ብርጭቆ) ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ንባቡን ወደ ዜሮ መልሱት። ድንጋዩን በቀጭን ክር አስራችሁ፣ ክሩን በእጃችሁ ወይም በማቆሚያ ይዛችሁ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ ላይ የሚታየው ግራም የድንጋዩ ይዘት ነው፣ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር። ውሃው ድንጋዩን ወደ ላይ ሲገፋ ድንጋዩም ውሃውን በዚያው ልክ ወደ ታች ይገፋዋል፤ የግፊቱ ልክ ደግሞ ድንጋዩ ቦታ ያስለቀቀው ውሃ ክብደት ነው። የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውሃ መጠነ ቁስ አንድ ግራም ያህል ስለሆነ ግራሙን እንዳለ ይዘት ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ለምሳሌ በደረቁ 158.4 ግራም የሆነ ድንጋይ ተንጠልጥሎ 59.6 ቢያሳይ፣ 158.4 ሲካፈል ለ59.6 ወደ 2.66 ይሆናል።

ድንጋዩ የቢከሩን ታች እንዳይነካ! የመጀመሪያ ሙከራዬ ላይ እጄ ደክሞ ክሩን አላላሁት፤ ድንጋዩ ታች ተቀመጠ። ሚዛኑ የድንጋዩን ሙሉ መጠነ ቁስ አሳየኝ፣ አካፈልኩ፣ ልክ 1.00 ወጣ። እንዴት የሚያምር ቁጥር ብዬ በኩራት አስገባሁ። መምህሬ አየችውና "ታዲያ ይኼ ድንጋይ ለምን ሰጠመ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ክሩን የምይዘው በእጄ ሳይሆን በማቆሚያ ነው።

4. አካፍሉና አሃዱን ጻፉ፤ ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር።

አስቸጋሪ ናሙናዎችም አሉ። የጨው ድንጋይ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ በሲሊንደር በዘይት ለኩት። የማንጠልጠሉን ዘዴ በዘይት ከሠራችሁ ግን ንባቡን ለዘይቱ እፍግታ ማካፈል አትርሱ። ፑሚስ አየር የሞላበት የእሳተ ገሞራ አለት ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ በቀጭን መርፌ ተጭናችሁ አስጥሙት። ቀዳዳዎቹ ውሃ እንዳይጠጡ በስስ ፕላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት።

የወጣውን ቁጥር ከሚታወቁት ጋር አስተያዩት። ኳርትዝ 2.65 ነው፣ ወርቅ የሚመስለው ማዕድን ፓይራይት 5 ገደማ፣ የሊድ ማዕድን የሆነው ጋሌና 7.5 ገደማ፣ ንጹሕ ወርቅ 19.3። ፓይራይትን ወርቅ ነው ብሎ የሚሟገት ጓደኛ ካላችሁ ሚዛኑ በአምስት ደቂቃ ይገላግላችኋል። ውጤታችሁ ከ2.5 እስከ 3 ከሆነ አትገረሙ፤ እጃችን የሚገባው ተራ አለት አብዛኛው እዚያው ክልል ውስጥ ነው። የመላዋ መሬት አማካይ እፍግታ ግን 5.51 ነው። ሄንሪ ካቨንዲሽ የተባለ እንግሊዛዊ በ1798 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ፣ በእርሳስ (ሊድ) ኳሶች መካከል ያለውን እጅግ ደካማ ስበት ለክቶ 5.45 አካባቢ ደርሶ ነበር። ከላይ የምናገኘው አለት 3 እንኳ ካልሞላ አማካዩ 5.51 የሚሆነው ውስጡ በጣም የታጨቀ ከሆነ ብቻ ነው፤ እምብርቷ በአብዛኛው ብረት ሲሆን እፍግታው ከ10 ያልፋል።