ካሜራው ስልክ ላይ ይታያል፣ አሌክሳ ግን አላገኘሁትም ትላለች፦ ከየት ልጀምር?

ባለፈው ክረምት ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት። ልጃቸው ከዱባይ ስትመጣ በአሌክሳ፣ ማለትም በድምፅ በሚታዘዘው የአማዞን ኩባንያ ረዳት፣ የሚሰራ ባለስክሪን ስፒከር ይዛ መጣች። የግቢው በር ላይ ደግሞ ቀድሞ የተሰቀለ የዋይፋይ ካሜራ አለ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አክስቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በር በተንኳኳ ቁጥር ከሚነሱ፣ ረከቦቱ አጠገብ እንደተቀመጡ አንድ ቃል ይላሉ፤ በሩ ስክሪኑ ላይ ይመጣላቸዋል።

አልመጣም። ሦስት ቀን ታገልን። ካሜራውን አራት ጊዜ ሪሴት አደረግነው፣ ማለት ቅንብሩን ሁሉ አጥፍተን እንደ አዲስ ጀመርነው። ያውም በመሰላል እየወጣን፣ በዚያ በጦሳ ተራራ ጉምና ካፊያ። በኋላ ሲታይ ካሜራው ምንም አልነበረበትም። ጥፋቱ የኛ ነበር፣ ሁለት ቦታ ላይ።

ይህን የምጽፈው መሰላሉን ከማውጣታችሁ በፊት እንድታነቡት ነው። ሪሴት የመጨረሻው ነገር ነው። ብዙዎቻችን ግን ከሱ እንጀምራለን።

መጀመሪያ መንገዱን እወቁት

ሰው ሁሉ ካሜራውና ስፒከሩ እዚያው ቤት ውስጥ፣ በዋይፋዩ፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። አብዛኞቹ ካሜራዎች ግን እንደዚያ አይሰሩም። "ካሜራውን አሳዪኝ" ስትሏት ድምፃችሁ በኢንተርኔት ወደ አማዞን ሰርቨር (ሩቅ ያለ የኩባንያው ኮምፒውተር) ይሄዳል። የአማዞን ሰርቨር የካሜራውን ኩባንያ ሰርቨር ይጠይቃል። እሱ ደግሞ በር ላይ ያለውን ካሜራ ይጠራል። በአጥር የሚዋሰን ጎረቤትን ለማናገር ውጭ አገር ላለ ዘመድ ደውሎ "እባክህ ንገርልኝ" እንደማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው "ካሜራው ምን ሆነ?" አይደለም። "መንገዱ የቱ ጋ ተቆረጠ?" ነው። የካሜራው ኢንተርኔት ሊሆን ይችላል፣ የሁለቱ አካውንቶች ግንኙነት ሊሆን ይችላል፣ ቋንቋው ወይም ስሙ ሊሆን ይችላል። በተራ እንሂድ።

1. ስልካችሁን ከዋይፋይ አውጡት

ይቺ ሙከራ አንድ ደቂቃ አትፈጅም፣ ግን ግማሹን ሥራ ትጨርሳለች። የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፉና ሞባይል ዳታ ክፈቱ። ከዚያ የካሜራውን አፕ ግቡና ቪዲዮውን እዩ።

በዳታ ከታየ ካሜራው ጤነኛ ነው። ዋይፋዩም ኢንተርኔቱም ደህና ነው። ካሜራውን አትንኩት! ቀጥታ ወደ ቁጥር 3 ዝለሉ።

ቤት ዋይፋይ ላይ ሲሆን ብቻ የሚታይ ከሆነ ካሜራው ከራውተሩ ጋር ይገናኛል፣ ወደ ውጭ ግን አይወጣም። ፓኬጁ አልቆ ይሆናል፣ መስመሩ ተቋርጦ ይሆናል። በሁለቱም ካልታየ ችግሩ ብዙ ጊዜ ካሜራው ራሱ ላይ ወይም ካሜራውና ራውተሩ መካከል ነው።

2. ካሜራው ራሱ ከጠፋ

ቆርቆሮ እንመልከት። ወሎ ውስጥ ስንት ቤት ነው ጣሪያው፣ አጥሩና በሩ ቆርቆሮ የሆነው? ብረት የዋይፋይ ሞገድን ይመልሳል። ራውተሩ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተደብቆ፣ ካሜራው ከቆርቆሮ በሩ ውጪ ተሰቅሎ፣ በመሃል ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ካለ መቆራረጡ አይገርምም። ስልካችሁን ይዛችሁ ካሜራው ሥር ቁሙ። ዋይፋዩ አንድ መስመር ብቻ ካሳየ ራውተሩን ወደ መስኮት አምጡት፣ ወይም ካሜራውን ከቆርቆሮው ፈቀቅ አድርጉት። አንዳንዴ ግማሽ ሜትር ይበቃል።

ቀጥሎ መብራት። ቀን ይሰራል፣ ሲመሽ ይጠፋል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዋይፋዩን ተዉትና ገመዱን እዩ። ካሜራው ማታ በጨለማ የሚያይበትን የኢንፍራሬድ መብራት ያበራል፣ ያኔ ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል። ከቤት እስከ አጥር በቀጭን ሽቦ የተጎተተ 5 ቮልት መንገድ ላይ ይደክማል። መፍትሔው ሶኬቱን ወደ ካሜራው ማቅረብ ነው። ከውጭ የመጣ ቻርጀር በአዳፕተር ላልቶ የተሰካ ከሆነም እሱን አጥብቁት። የዱባዩ ቻርጀር መሰኪያ ባለሦስት ጥርስ ስለሆነ አዳፕተር ካልተደረገለት እኛ ጋ አይገባም፣ አንዳንዱ አዳፕተር ደግሞ በነካችሁት ቁጥር ይላቀቃል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም በአንዴ ይነሳል። ካሜራው ቶሎ ይነሳል፣ ራውተሩ ይዘገያል፣ አንዳንድ ካሜራ ደግሞ ራውተሩን ሲያጣ ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። ሁሉንም ንቀሉ። መጀመሪያ ራውተሩን ሰክታችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ካሜራው፣ መጨረሻ ላይ ስፒከሩ።

የቀሩት ዋይፋዩ ውስጥ ናቸው፦

ብዙ ካሜራዎች የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝም ካለው ለሁለቱ የተለያየ ስም ስጡና ካሜራውን ከ2.4ቱ ጋር አገናኙት። ስፒከሩ በየትኛውም ቢሆን ግድ የለም።

የዋይፋዩን ስም በአማርኛ ፊደል ከጻፋችሁት ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ቀይሩት። "የሐጂ ቤት" የሚል ዋይፋይ ስልክ ላይ ያምራል፣ ግን ብዙ ካሜራ ማንበብ አይችልም።

የራውተሩ የፓስዎርድ ጥበቃ ዓይነት ደብሊውፒኤ3 (WPA3) ብቻ ከሆነ ቆየት ያለ ካሜራ አይገባም። ደብሊውፒኤ2 አድርጉት።

የካሜራው ሰዓት የተሳሳተ ከሆነ፣ ለምሳሌ 1970 ላይ ቆሞ ከሆነ፣ ከሰርቨሩ ጋር የሚያደርገው የተመሰጠረ ግንኙነት ሊከሽፍ ይችላል። አፑ ላይ የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ አድርጉ፤ ሁለቱም አንድ ናቸው። ዓመቱን በእጃችሁ ወደ እኛ አቆጣጠር አትቀይሩት። ያደረገ ሰው አውቃለሁ።

3. መጀመሪያውኑ ይግባባሉ ወይ?

ካርቶኑን አምጡ። ላዩ ላይ ከአሌክሳ ወይም ከጉግል ጋር ይሰራል የሚል ምልክት አለ? ከሌለ አሌክሳ አፕ ውስጥ የካሜራውን አፕ ስም ፈልጉ። ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ርካሽ ካሜራዎች ስልክ ላይ አሪፍ ሆነው ይሰራሉ፣ ከድምፅ ረዳት ጋር ግን ጭራሽ አልተዋወቁም። ያንን ቅንብር በመነካካት አታስተካክሉትም።

ሌላም አለ። ስክሪን የሌለው ስፒከር ቪዲዮ አያሳይም። ይህን መጻፌ ያስቃል፣ ግን ክብ ስፒከር ገዝቶ "ካሜራው አይታይም" ያለኝ ወዳጅ ስላለ ነው።

4. ቋንቋው

የኛ የመጀመሪያ ጥፋት እዚህ ነበር። አሌክሳ አማርኛ አትሰማም። አረብኛ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ለሳዑዲና ለኤምሬትስ ተከፍቷል። የአክስቴ ልጅ ስፒከሩን ዱባይ ሳለች ነው የከፈተችው፣ በአረብኛ። አሌክሳ ከሌላ ኩባንያ ዕቃ ጋር የምትገናኘው "ስኪል" በሚባል ነገር ነው። ስኪሎች ደግሞ በየቋንቋውና በየአገሩ ይለያያሉ። የኛ ካሜራ ስኪል በእንግሊዝኛ አለ፣ በአረብኛው ፍለጋ ላይ ግን አይወጣም ነበር። እኛ "ካሜራው ከአሌክሳ ጋር አይሰራም" ብለን ደምድመን ነበር።

ከጅዳ፣ ከሪያድ ወይም ከዱባይ የመጣ ዕቃ ያላችሁ ሁሉ ይቺን እዩ። አሌክሳ አፕ ውስጥ የስፒከሩን ቅንብር ክፈቱ፣ ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርጉ፣ ከዚያ ስኪሉን እንደገና ፈልጉ።

5. ሁለቱን አካውንቶች ማገናኘት

አሌክሳ አፕ ውስጥ "ስኪልስ ኤንድ ጌምስ" የሚለውን ግቡ። የካሜራችሁን አፕ ስም ጻፉ። "ኢኔብል ቱ ዩዝ" በሉት። የካሜራውን አፕ ኢሜይልና ፓስዎርድ ይጠይቃችኋል። የአሌክሳውን አይደለም! ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሲሰናከል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው። የካሜራውን አፕ በስልክ ቁጥር ከፍታችሁ ከሆነ የአገር ኮዱን 251 መምረጥ አለባችሁ። ገጹ ራሱ ሌላ አገር መርጦ ሊጠብቃችሁ ይችላል፣ ያኔ ትክክለኛውን ፓስዎርድ ብትጽፉም "የለም" ይላችኋል። በጉግል አካውንት ብቻ የገባችሁ ከሆነ ደግሞ የራሱ ፓስዎርድ ላይኖራችሁ ይችላል፤ የካሜራው አፕ ውስጥ አንድ አውጡለት።

ካሜራው በወንድማችሁ ስልክ ተከፍቶ ለእናንተ "ሼር" የተደረገ ከሆነስ? ብዙ ጊዜ ሼር የተደረገ ካሜራ አሌክሳ ላይ አይወጣም። ማገናኘት ያለበት ዋናው ባለቤት ነው።

በፊት ይሰራ የነበረ፣ አሁን ድንገት እምቢ ያለ ከሆነ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ፓስዎርድ የቀየረ አለ? ፓስዎርዱ ሲቀየር ግንኙነቱ ሊቆረጥ ይችላል። ስኪሉን "ዲስኤብል" አድርጋችሁ መልሳችሁ ክፈቱት። የጉግል ተጠቃሚዎች ጉግል ሆም አፕ ውስጥ ካሜራው ያለበትን አካውንት እንደገና አገናኙት፣ ወይም ስፒከሩን "ሄይ ጉግል፣ ሲንክ ማይ ዲቫይስስ" በሉት።

ከተገናኘ በኋላ "አሌክሳ፣ ዲስከቨር ዲቫይስስ" በሉ። እስከ 45 ሰከንድ ትፈልጋለች። ታገሷት።

6. ስሙ

ቋንቋውን አስተካክለን፣ አካውንቱን አገናኝተን፣ ካሜራው አሌክሳ አፕ ላይ ወጣ። እልል ሊባል ነው። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ስፒከሩ ዞሩ።

"አሌክሳ! በሩን አሳዪኝ እስቲ!"

ዝም።

"አንቱ፣ በእንግሊዝኛ ነው የምትሰማው" አልኳቸው። "ሾው ሚ ይበሉና የካሜራውን ስም ይጥሩ።"

"ሾው ሚ በር።"

ስክሪኑ ላይ የድብ ሥዕል መጣ። ወላሂ፣ ድብ። በእንግሊዝኛ ድብን "ቤር" ነው የሚሉት። አሌክሳ የሰማችው እሱን ነው።

"ይሄ ነው በሬ ላይ የቆመው?" አሉ አክስቴ። ቡናው እስኪደፋ ሳቅን።

ሁለተኛው ጥፋታችን ይሄ ነበር። ካሜራውን መጀመሪያ የሰቀልን ጊዜ ስሙን "በር" ብለነው ነበር። የአማርኛ ስም፣ በአማርኛ ፊደልም ይጻፍ በእንግሊዝኛ፣ ለአሌክሳ አይሆንም። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሁለት ቃል ያለው፣ ለመጥራት የማያስቸግር አድርጉ። "ጌት" ብቻውን አይመከርም፣ ከሌላ ቃል ጋር ይምታታባታል። እኛ "ፍሮንት ዶር" አልነው። አክስቴ "ፍሮን ዶር" ነው የሚሉት፣ ትሰማቸዋለች። ሌላ ዕቃ፣ አምፖልም ይሁን የክፍል ስም፣ ያንኑ ስም እንዳይዝ አረጋግጡ።

ስሙን የካሜራው አፕ ላይ ከቀየራችሁ "ዲስከቨር ዲቫይስስ" ድገሙ።

7. ስሙን ሰማች፣ ምስሉ ግን ጥቁር ነው

እዚህ ከደረሳችሁ ቅርብ ናችሁ። የካሜራው አፕ ውስጥ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ "ፕራይቬሲ" የሚለው በርቶ እንደሆነ አጥፉት። ሁለተኛ፣ ምስሉን በራሱ ኮድ የሚቆልፍ አማራጭ ያላቸው ካሜራዎች አሉ። እሱ በርቶ ሳለ ስፒከሩ ምስሉን መክፈት ሊያቅተው ይችላል። ማጥፋቱ ጥበቃውን ስለሚቀንስ አስባችሁበት አድርጉት። ሦስተኛ፣ የቪዲዮው አጨማመቅ ዓይነት ኤች.265 (H.265) ከሆነ ወደ ኤች.264 ቀይሩት። ኤች.265 ዳታ ይቆጥባል፣ ግን ሁሉም ስክሪን አይከፍተውም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ካለ፣ አሁን መሰላሉን አምጡ። ሪሴት ቁልፉን ካሜራው እስኪናገር ወይም መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ተጭናችሁ ያዙት፣ ከዚያ ከአፑ ጋር እንደ አዲስ አገናኙት። ስልካችሁ ላይ ያለውን የኪውአር ኮድ የምታሳዩት ከሆነ የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አድርጉ፣ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ ያዙት።

አንድ ነገር ቀረ፦ መዘግየቱ። ምስሉ ያን ሁሉ ዞሮ ስለሚመጣ ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ነው። ኢንተርኔቱ ሲደክም ደግሞ ይብሳል። የካሜራውን ጥራት ከኤችዲ ወደ ኤስዲ ዝቅ ስታደርጉት ይሻሻላል። የአክስቴን ዝቅ ያደረግኩት ባለፈው ሳምንት ነው፣ "እንግዳው ገብቶ አጠገቤ ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ፣ እዚህ ላይ ገና በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል" ብለው ከደወሉልኝ በኋላ።