«የወር አበባሽ ሲመጣ ነይ»፦ በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል የምንሠራቸው ስህተቶች

አዋላጅ ነርስ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ጤና ጣቢያ ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። እዚህ የምጽፈው ብዙ ቦታ አለና።

ለፍተናል፣ ውጤትም አለ። በ1992 ዓ.ም. ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት ያገቡ ሴቶች ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. 41 ደርሰዋል። ግን የ2008ቱን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስታነቡ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። መከላከያ ከጀመሩት ከሦስቷ አንዷ ገደማ በ12 ወር ውስጥ አቁማለች። ልጅ ፈልጋ ያቆመች አለች፣ እሰየው። ሌሎቹን ግን እኛው በአንዲት ቃል የሸኘናቸው ይመስለኛል። ቃሎቹን ስለማውቃቸው ስህተቶቹን በእነሱ እየጠራሁ ልዘርዝር።

«የወር አበባሽ ሲመጣ ነይ»

ይህን እኔም ጀማሪ እያለሁ ብዬዋለሁ። ሴትየዋ ጉልት ላይ ትቸረችራለች። ሽንኩርቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ መጥታለች። ግማሽ ቀን ተሰልፋ የሦስት ወር መርፌ ትጠይቃለች። እኛ ደግሞ «እርጉዝ ብትሆንስ?» ብለን «ስታዪ ነይ» እንላታለን። ስታይ ሽንኩርቱን ማን እንደሚጠብቅላት አንጠይቅም። ብዙዎቹ በዚያው ይቀራሉ። አንዳንዶቹን ከወራት በኋላ እናገኛቸዋለን፣ የእርግዝና ክትትል ወረፋ ላይ።

ደም መጠበቅ አያስፈልግም። ስድስት ጥያቄ ያላት መለያ ቅጽ አለች። ባለፉት 4 ሳምንታት ወልደሻል? ልጅሽ ከ6 ወር በታች ሆኖ፣ ጡት ብቻ እያጠባሽ፣ አበባሽ አልመጣም? ካለፈው አበባሽ በኋላ ግንኙነት አላደረግሽም? አበባሽ የመጣው ባለፉት 7 ቀናት ነው? ውርጃ ካጋጠመሽ ገና 7 ቀን አልሞላም? ሌላ መከላከያ ሳታቋርጪ በትክክል እየተጠቀምሽ ነው? ለአንዱ «አዎ» ካለችና የእርግዝና ምልክት ከሌላት ዛሬውኑ መጀመር ትችላለች። ቅጿ በብዙ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ተለጥፋለች። ከኋላችን ስለሆነች አናያትም።

የዘገየችውንም እንዲሁ እንመልሳለን። ዲፖ የምንለው መርፌ በየሦስት ወሩ ነው፤ ይሁን እንጂ ቀጠሮዋን እስከ 4 ሳምንት ያሳለፈች ሴት ያለ ምንም ተጨማሪ ጣጣ መርፌዋን መውሰድ ትችላለች። ሁለት ሳምንት ስላሳለፈች እንደ ጥፋተኛ መቆም የለባትም።

«ገና ነው፣ ሁለት ዓመት ይቀርሻል»

ለእኔ ከሁሉ የከፋው ይሄኛው ነው።

ኢምፕላኖን የክብሪት እንጨት የምታክል አንዲት ዘንግ ናት። ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር ትቀበራለች፣ ሦስት ዓመት ትሠራለች። ጃዴል ሁለት ዘንግ ነው፣ አምስት ዓመት። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ እስከ 12 ዓመት ይቆያል። «እስከ» የምትለውን ቃል እኛ ባለሙያዎች ቶሎ እንረሳታለን። ሴቲቱ ውል የፈረመች ይመስል «ጊዜው አልደረሰም» እንላታለን።

አንዲት ደንበኛ ኢምፕላኖን ካስገባች ዓመት ከሁለት ወር ሆኗት መጣች። ደሙ መጣ ሄደ እያለ አስቸግሯታል። «ሲስተር፣ አውጪልኝ» አለች። ባልደረባዬ «ይለመዳል» ብላ መለሰቻት። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም መጣች፣ መልሱ ያው። በአራተኛው ክንዷን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። እህቷ በምላጭ ሞክራላት ነበር። ዘንጓ ግን እዚያው ናት።

ቁስሉ ሲድን እኔው አወጣሁላት። ትንሽ ሊዶኬይን (ማደንዘዣ) ከዘንጓ ጫፍ በታች፣ ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆን ቀዳዳ፣ አንደኛውን ጫፍ በጣት ተጭኖ ሌላኛውን መያዝ። ጀበና ቢጣድ አይፈላም ነበር። ቁስሏን ስጠቀልልላት «ስታስገቡ ደቂቃ፣ ስታወጡ ዓመት» አለችኝ። ምን ይባላል?

ለምን እንዲህ እንሆናለን? አንደኛው ምክንያት ሪፖርቱ ነው። ስንት እንዳስገባን በየወሩ እንጠየቃለን፣ ያወጣነው እንደ ኪሳራ ይታያል። ሌላው ሥልጠናው ነው። በ2001 ዓ.ም. ኢምፕላኖን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል በስፋት ሲጀመር እነሱ እንዲያስገቡ ሠለጠኑ። ማውጣቱ ለጤና ጣቢያ ተተወ። ጤና ጣቢያው ግን ሁልጊዜ ዝግጁ አልነበረም። ማስገባት ያልከበደው ሰው ማውጣት ይፈራል። የሚፈራውም በደንብ ስላልተለማመደ ነው። (አንድ ነገር ግን አደራ፦ ዘንጓ በጣት ካልተዳሰሰች አትቁረጡ። አልትራሳውንድ ወዳለበት ላኩ። ሥጋ ውስጥ መፈለግ ጀግንነት አይደለም።)

ደሙ እንደሚዛባ ከማስገባቱ በፊት መንገር ግማሹን ችግር ያቀላል። በዲፖም ያው ነው። ከዲፖ በኋላ እርግዝና ወራት ሊዘገይ ይችላል። የሚቀጥለው ዓመት ልጅ እፈልጋለሁ ላለች ሴት ይህን ሳይናገሩ መርፌ መውጋት ደግ ሥራ አይደለም። በእኛ ሰፈር ወሬው የሚሄደው በቡና ነው። አንዷን «አላወጣም» ስትሏት ሦስተኛው ሲኒ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።

«ለምንድን ነው የመጣሽው?»

ይህን የሚጠይቀው ሐኪም አይደለም። ካርድ ክፍል መስኮት ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ነው። መስታወቱ ድምፅ ስለማያሳልፍ ይጮሃል። ተገልጋይዋም ጮሃ መመለስ አለባት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ተማሪ መጣች፣ 17 ዓመት ቢሆናት ነው። ዩኒፎርሟን በሹራብ ሸፍናለች። ከኋላዋ ሦስት እናቶች ተሰልፈዋል። አንደኛዋ የእናቷ የዕድር ጓደኛ መሆኗን በኋላ ነው የሰማሁት። ልጁ «ለምንድን ነው የመጣሽው?» አለ። ዞር ብላ አየችና «ራሴን ያመኛል» አለች። ካርድ ወጣላት፣ ተመላላሽ ክፍል ገባች፣ ፓራሲታሞል ታዘዘላት። ስትወጣ በር ላይ አገኘችኝ። «ሲስተር፣ ፖስትፒል ፋርማሲ ስንት ነው?»

የድንገተኛ መከላከያው እዚሁ ግቢ ውስጥ በነፃ ነበረ።

ያደረግነው ነገር ያሳፍራል፣ ቀላልነቱ ማለቴ ነው። ክፍሎቹን በቁጥር ብቻ ጠራናቸው። መስኮቱ ላይ ዝርዝር ለጠፍን፣ ሰው በጣቱ ያሳያል ወይም «4 ቁጥር» ይላል። 4 ቁጥር ቤተሰብ ምጣኔም ነው፣ የጡት ምርመራም፣ ሌላም ሌላም። ልጁም መጮህ ተወ።

«ለወጣቶች ተስማሚ አገልግሎት» የሚለው ትልቅ ጽሑፍም ሌላ ጣጣ ነው። በሩ ወደ ወረፋው ከዞረ ለማን ተስማሚ ሊሆን ነው? ደግሞ ክፍሉ ክፍት የሚሆነው ተማሪ ክላስ ውስጥ ባለበት ሰዓት ነው። ቅዳሜ ጠዋትን ሞክሩት። የመጣችውንም አትስበኩ። የድንገተኛ መከላከያ እስከ አምስት ቀን ይወሰዳል፣ ግን በቶሎ ሲሆን ነው የሚሠራው። በምክራችሁ አንድ ሰዓት ባቃጠላችሁ ቁጥር ሰዓቱ የሷ ነው የሚቃጠለው።

«አልቋል»

ዲፖ ሲያልቅ ሁሉም ጣቱን ወደ አቅራቢው ይቀስራል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ የኛው ወረቀት ላይ ነው።

ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ይልካል። ከፍተኛው ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር ነው። ስሌቱ ባለፈው ፍጆታ ላይ ይቆማል። ስህተቱ እዚህ ይገባል። በ60 ቀን 120 መርፌ ሰጠን እንበል። ከ60ው ቀን ግን 20ውን መደርደሪያው ባዶ ነበር። 120 ብለን ከጻፍን ለሚቀጥለውም በ120 ልክ ይመጣል፣ ስለዚህ እንደገና ያልቃል። ትክክለኛው 120ን ለ40 አካፍሎ በ60 ማባዛት ነው፣ 180 ይሆናል። ባዶ የነበረበትን ቀን ቢን ካርዱ (የመደርደሪያው መቆጣጠሪያ ካርድ) ላይ ካልጻፋችሁ ይህን ማንም አያሰላላችሁም። ፋርማሲስቱን ምሳ ጋብዙትና አብራችሁ ቁጠሩ።

ደግሞ ሥራ የሚያቆመው ሁልጊዜ ውዱ ዕቃ አይደለም። እኛ ጋ ኢምፕላኖን በካርቶን ተቀምጦ ሊዶኬይንና ጓንት ጠፍቶ ቀናት ቆመናል። ዘንጓ በዕርዳታ ትመጣለች፣ ጓንቱን የምንገዛው እኛ ነን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ ሲጀምር ጓንት ማንም አይታወሰውም።

«የፖሊስ ማስረጃ አለሽ?»

ተደፍራ ጽንስ ማቋረጥ ለምትፈልግ ሴት የምንለው ነው። ባጭሩ፦ አትጠይቁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። መደፈር፣ ከቅርብ ዘመድ የመጣ እርግዝና፣ የእናቲቱ ወይም የጽንሱ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ መውደቅ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ችግር ሲኖርበት፣ እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ወይም በዕድሜ ለጋነት ምክንያት ልጅ ለማሳደግ አለመቻሏ። በመደፈርና በቅርብ ዘመድ እርግዝና ቀጣዩ አንቀጽ የሴቲቱን ቃል ብቻ በቂ ያደርገዋል። ፖሊስ ጣቢያ የላካችኋት ልጅ በአብዛኛው አትመለስም። ወዴት እንደምትሄድ ደግሞ እኛ የማህፀን ክፍል ሰዎች ሌሊት ላይ አይተነዋል። አገልግሎቱን መስጠት የማይፈልግ ባለሙያ ቢኖር እንኳ የሚሰጥ ሰው ጋ እጇን ይዞ ያድርሳት።

«ሲስተር ሥልጠና ሄዳለች»

አንድ ሰው ብቻ ማሠልጠን ክፍሉን በአንድ እግር ማቆም ነው። የሠለጠነችው ሲስተር ትወልዳለች፣ ትዛወራለች፣ ወደ አረብ አገር ትሄዳለች፣ ወይም ደግሞ ሌላ ሥልጠና ላይ ትሆናለች። አበል ያለው ሥልጠና እንደምን ይታለፋል? አልፈርድም፣ እኔም ሄጃለሁ። የሚሻለው ሥራ ላይ ማሠልጠን ነው። አንዷ ስታወጣ ሁለተኛዋ አጠገቧ ትቁም፣ በሚቀጥለው ቦታ ይለዋወጡ።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ስህተት በፕሮጀክት፣ ማለትም በለጋሽ ገንዘብ ላይ፣ መደገፍ ነው። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ገደማ ሠራተኞችን ውል አቋርጧል። የሜክሲኮ ሲቲ ፖሊሲ የሚባለውም በዚያው ሰሞን ተመለሰ። (ሜክሲኮ አደባባይ እንዳይመስላችሁ።) እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ነው። የአሜሪካ ገንዘብ የሚወስዱ የውጭ ድርጅቶች ጽንስ ማቋረጥ እንዳይሰጡና እንዳያማክሩ ይከለክላል። አንዱ ፕሬዚዳንት ያነሳዋል፣ ሌላው ይመልሰዋል። እዚያ ማን እንደሚመረጥ እኛ አንወስንም። ማወቅ የምንችለው ነገር አለ፦ በክፍላችን ካለው ውስጥ የትኛው ደመወዝ፣ የትኛው ዕቃ፣ የትኛው ስልክ ካርድ የፕሮጀክት ነው? አንድ ቀን ተቀምጣችሁ ጻፉት። እኛ ስንጽፈው የሪፖርት ጸሐፊያችን ጭምር የፕሮጀክት ሆና አገኘናት። ለወረዳው በጀት ያቀረብነው ያን ዝርዝር ይዘን ነው፣ ሁሉም ባይሆን ግማሹ አለፈልን።

ወንዶችን ስለመርሳት ብዙ ተብሏል፣ አልደግመውም። ኮንዶሙን ግን ከመሳቢያ አውጥታችሁ ሰው ሳይጠይቅ የሚያነሳው ቦታ አስቀምጡ።

ቀጠሮ ካርድ ላይ ብቻ መተማመን

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲነሣ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ፣ ደንበኞቻችን በሳምንታት ውስጥ ተበተኑ። የካዛንቺስ ሰዎች ብዙዎቹ ከተማ ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ሄዱ። ካርዳቸው እኛ ጋ ቀረ። ክንዳቸው ላይ ያለችው ዘንግ አብራቸው ሄደች። የብዙዎቹን ስልክ አልያዝንም ነበር። የያዝነውም የቤት ስልክ ነበር፣ ቤቱ ደግሞ የለም።

አሁን ስልክ እንወስዳለን። መደወል ይቻል እንደሆነም እንጠይቃለን፣ ስልኩ የባል ሊሆን ይችላልና። ስትሄድም ምን እንዳስገባችና መቼ እንደሚወጣ የተጻፈባት ወረቀት በእጇ እንሰጣለን፣ የትም ብትሄድ እንድታሳየው።

ባለፈው ወር አንዲት የድሮ ደንበኛ ከከተማ ዳር መጣች። ሁለት ሚኒባስ ይዛ፣ ከዚያ በእግሯ። ቀጠሮዋ ካለፈ ስምንት ወር ሆኗል። «ለምን እዚያ አቅራቢያሽ አልሄድሽም?» አልኳት።

«ካርዴ እዚህ ነው ብዬ ነው እንጂ።»

አወጣሁላት። ሌላ ለማስገባት ፈለገች፣ በዚያው ክንድ አስገባሁላት። አዲሷን ወረቀት ስሰጣት አገላብጣ አየቻትና «ሲስተር፣ በሚቀጥለው እዚያው ያወጡልኛል?» አለች። በአቅራቢያዋ ያለውን ጤና ጣቢያ ስልክ ፈልጌ ደወልኩ። አንድ ጎልማሳ አነሳ።

«ይቻላል» አለኝ፤ «የምታወጣዋ ሲስተር ግን ሥልጠና ሄዳለች።»