ያገለገለ የአደን ጠመንጃ ሲነክስ፣ ሲከሽፍ፣ ቀለህ ሲይዝ

ጎንደር ያሉት አጎቴ ያረጁት ከምንሽር ጋር ነው። ምንሽር በእጅ ይጎርሳል፤ ጉልበቱ የሰውየው ነው። ባለፈው ዓመት በፈቃድ የገዙት ያገለገለ ጠመንጃ ግን በራሱ የሚያጎርስ ግማሽ አውቶማቲክ ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ጠመንጃ ከተተኮሰው ጥይት ጋዝ ተበድሮ ነው ቀጣዩን የሚያጎርሰው። ብድሩ ሲያንስ ይነክሳል፤ መሃል ላይ ተቀርቅሮ ይቆማል።

ያገለገለ ስትገዙ ከሁሉ በፊት ካዝናውን አውልቁ፤ ጥይቱ ገብቶ የሚተኮስበትን ማጉረሻ በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ሻጩ "ባዶ ነው" ቢልም። የጠመንጃውን ቁጥርም ከፈቃዱ ጋር አስተያዩ፤ የጦር መሣሪያ አዋጁ 1177/2012 ቀልድ አያውቅም።

ቀለሁ፣ ማለትም የተተኮሰው ጥይት ባዶ ቀፎ፣ መውጫው ላይ ተቀርቅሮ ከቀረ ብዙ ጊዜ ጋዝ አንሷል። ጋዙ የሚገፋውን ፒስተን አውጥታችሁ ጥቀርሻውን ጥረጉት፤ የጋዝ ቀዳዳውንም እዩ። ፒስተኑን ዘይት አትቀቡት፤ ዘይቱ ተቃጥሎ መልሶ ጥቀርሻ ይሆናል።

ጥይት ሳያጎርስ በባዶው ከዘጋ ካዝናውን ጠርጥሩ። በሌላ ካዝና ሞክሩት። ከተስተካከለ ያኛው ጥይት የሚይዝበት ከንፈሩ ተጣሟል ወይም ሞላው ደክሟል። በፒንሳ አትታገሉ፣ ቀይሩት።

ቀለሁ ማጉረሻው ውስጥ ተጣብቆ ከቀረስ? የሚጎትተው ጥፍር አልቆ ወይም ቆሽሾ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቀላል ነው። በስልክ መብራት ማጉረሻውን ስታዩ ዝገት የበላው ጉድጓድ ካለ ግን ጠመንጃውን ተዉት። የሻጭ ዘይት ያብለጨልጫል እንጂ ጉድጓድ አይሞላም።

የአጎቴ ችግር መክሸፍ ነበር፤ ቃታ ሲሳብ ጥይቱ አይፈነዳም። ቀን ጎንደር ላይ ደህና ይተኩሳል፣ ደባርቅ በውርጭ ጠዋት ይከሽፋል። ሲከሽፍ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞራችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። ከዚያ የጥይቱን ቂጥ እዩ። መርፌው የመታው ምልክት ጥልቅ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። የሳቸው ግን የጣት ጥፍር የነካው ያህል ብቻ ነበር። ባለሙያ ሲፈታው መርፌው ቤት ውስጥ እንደ ሞራ የረጋ ወፍራም ግራሶ ተገኘ። በነጭ ጋዝ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ቀጭን ዘይት በስሱ ተቀባ። አበቃ። ሁልጊዜ እንዲህ በርካሽ አይገላግልም፤ መርፌው ካጠረ ወይም ሞላው ከደከመ ይቀየራል።

ቃታው አንዴ ተስቦ ሁለቴ ከተኮሰ ዋጋ አትከራከሩ። ካዝናውን አውልቁና ለሻጩ መልሱለት።