የልጅዎን የማይታይ ጓደኛ እንዴት ሊያስተናግዱ ይገባል?

በድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቆች ይዘጋሉ፤ አዋቂዎችም ጋደም ይላሉ። ቤቱ ጸጥ ባለበት በዚህ ሰዓት የአራት ዓመት ልጅ በረንዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሲያወራ፣ ሲከራከር፣ መልስ ሲጠብቅ የሰማ ወላጅ መደንገጡ አይቀርም። አያት ካሉ ደግሞ ነገሩን ከጂን ጋር ያያይዙትና ዕጣን እንዲጨስ፣ ጸበል እንዲረጭ ወይም ቁርአን እንዲቀራለት ይሻሉ። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን ልጁን ሳያቋርጡ ጥቂት ማዳመጥ ይገባል።

የኦሪገን ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርጆሪ ቴይለርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ካጠኗቸው አሜሪካውያን ሕጻናት 65 በመቶ ያህሉ ሰባት ዓመት እስኪሞላቸው ባለው ጊዜ የምናብ ጓደኛ፣ ማለትም በሐሳባቸው የፈጠሩት ጓደኛ፣ ኖሯቸው እንደሚያውቅ አመልክተዋል፤ በቁጥሩ ውስጥ እንደ ሰው የሚያዋሩት አሻንጉሊትም ተካትቷል። ቴይለር ከሕጻናቱ ጋር ስትነጋገር ብዙዎቹ መሐል ላይ ቆም ብለው ነገሩ የእውነት አለመሆኑን ያስታውሷት ነበር። ስለዚህ ከአያት ጋር ከመሟገት ይልቅ፣ «እስቲ እማማ፣ እርስዎ ራስዎ ይጠይቁት» ማለት ይሻላል። «የውሸት እኮ ነው!» የሚለው የልጁ መልስ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ሊያረጋጋቸው ይችላል።

ይህ ጨዋታ ለልጁ ሥራም ነው። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ሕጻን ለራሱ ጮክ ብሎ የሚናገረው ንግግር የማሰቢያ መሣሪያው እንደሆነና እያደር ወደ ውስጥ ገብቶ ዝምተኛ ሐሳብ እንደሚሆን አስረድቷል። የምናብ ጓደኛ ያለው ልጅ ደግሞ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ፍላጎት፣ ኩርፊያና ምክንያት በአንድ ጊዜ መያዝ ይኖርበታል። በኒውዚላንድ በአምስት ዓመት ተኩል ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናትም እንዲህ ያለ ጓደኛ ያላቸው ልጆች ታሪክን አዳብረው እንደሚተርኩ አሳይቷል። ጓደኛ ያልፈጠረ ልጅ ጎደሎ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ፍጠር ብሎ መገፋፋትም አያስፈልግም።

ጓደኛው የልጁ ንብረት ነውና ወላጅ እንደ እንግዳ ይቅረብ። ስሙን፣ ዛሬ ለምን እንደተከፋ፣ በምን ቋንቋ እንደሚያወራ ይጠይቁ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ በአንድ መንደር በሚሰሙበት ከተማ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ የጎረቤቱን ቋንቋ በሰው ፊት ለመሞከር የሚያፍር ልጅ እዚያ ሊለማመደው ይችላል። ምሳ ላይ «ለእሱም አጉርሺው» ቢል በባዶ እጅ ማጉረስ ይበቃል፤ ምግብ አይባክንም፣ ልጁም አይከፋም። «ጓደኛህ ጨርሶ በላ፣ አንተስ?» ብሎ ጓደኛውን መቅጫ ማድረግ ግን፣ ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ የልጁን ነገር መቀማት ነው።

ብርጭቆ ተሰብሮ «እሱ ነው የሰበረው» ሲባል ውሸታም ብሎ መቆጣት አያስፈልግም። ስብርባሪውን አዋቂ ያንሣ፤ የፈሰሰውን ግን «ሁለታችሁም አብራችሁ ጥረጉ» ማለት በቂ ነው። በደኅንነት ጉዳይ ግን ድርድር የለም። «ደቻቱ እንውረድ ብሎኛል» የሚል ልጅ፣ ድሬዳዋን አቋርጦ ወደሚያልፈው ወደዚህ ወንዝ የሚኬደው ከአዋቂ ጋር ብቻ እንደሆነ በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የብዙ ሰው ሕይወት የቀጠፈው ጎርፍ እንዳሳየው፣ ደረቅ የሚመስለው አሸዋ በደጋው በዘነበ ዝናብ በድንገት ይሞላልና።

ልጁ ጓደኛውን የሚፈራው ከሆነ፣ ራሱን ወይም ሌላ ሰው እንዲጎዳ እንደሚያዘው ከተናገረ፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ከእውነተኛ ልጆች ጋር መጫወት ፈጽሞ ከተወ የሕጻናት ሐኪም ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይይው። ጓደኛው እንደሚነካካው ወይም ምሥጢር እንዲይዝ እንደሚያስገድደው ቢናገር ደግሞ፣ ከስሙ በስተጀርባ እውነተኛ ሰው ይኖር እንደሆነ በእርጋታ ማጣራት ግድ ነው።

ከዚህ ውጭ ጓደኛው አብዛኛውን ጊዜ ሳይሰናበት ይሄዳል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ከገባና የሰፈር ጓደኛ ካበዛ በኋላ ስሙ መጠራቱ ይቀራል። ያን ጊዜ በእንግዳ ፊት «ያ ጓደኛህ የት ገባ?» እያሉ መሳቅ አይገባም፤ ልጁ ራሱ ካነሣው ብቻ ያዳምጡት።