ጋዝ ከመሙላትዎ በፊት ኮይሉን ይዩ፦ ሽፋን ያለው የኤሲ ኮይልና ፋን ችግርና መፍትሄ

ብሬከሩን፣ የሪሞቱን ባትሪና ፊልተሩን አይተዋል ብለን እንነሳ። ፊልተሩን ካላዩ ግን ማንበቡን ትተው እሱን አጥበው ይመለሱ፤ ብዙው አቤቱታ እዚያው ያልቃል። ኮይል የምንለው ጋዙ የሚዞርበትን ቱቦና በላዩ የተደረደሩትን ስስ የአልሙኒየም ቅጠሎች (ፊኖች) ነው፤ አንዱ በቤት ውስጡ፣ አንዱ በውጭው ማሽን አለ።

ምልክት፦ ይነፍሳል፣ ግን አያቀዘቅዝም

ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ባለው ቆላ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው። ባለቤቱ «ጋዙ አልቋል፣ ይሞላልኝ» ይላል፤ ቴክኒሻኑም የማሽኑን ክዳን ሳይከፍት ሲሊንደር ተሸክሞ ይመጣል። የኤሲ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ካነሰ የሆነ ቦታ ፈስሷል፤ የፈሰሰበት ሳይደፈን መሙላት ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው።

ኤሲው 15 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ከላይ የሚገባውንና ከታች የሚወጣውን አየር በቴርሞሜትር ይለኩ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነና አየሩም ጠንከር ብሎ ከወጣ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ክፍሉ በልጦበት ወይም በር ተከፍቶ እየዋለ ይሆናል። ልዩነቱ 15 ደርሶ አየሩ ግን ደካማ ከሆነ ጋዙ ደህና ነው፣ የታፈነው መተንፈሻው ነው። ልዩነቱ አንሶ የውጭው ማሽን ቶሎ ቶሎ የሚያጠፋ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የውጭውን ኮይል ጀርባ ይዩ።

በረዶ ከሠራ አቀማመጡ ይናገራል። ከቀጭኑ ቱቦ መግቢያ ተነስቶ የኮይሉን አንድ ጥግ ብቻ ከያዘ ጋዝ ማነሱን ይጠርጥሩ። ኮይሉን ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሸፈነው ጥፋቱ የአየር እጥረት ነው፦ ፊልተር፣ ኮይል ወይም ብሎወር (የውስጡ ፋን)። ማቀዝቀዣውን አጥፍተው ፋኑን ብቻ አንድ ሁለት ሰዓት ያስነፍሱት፣ ይቀልጣል። በካቻቪቴ የሚፈለፍሉ ሰዎች አሉ፤ ቱቦውን ሲበሱት ያን ጊዜ ጋዙ የእውነት ያልቃል።

የተለመደው ጥፋት እንዲህ ይመጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ጤፉና ማሽላው ሲወቃ እብቁ አየሩን ይሞላዋል፤ በዚያ ላይ በደሴ መንገድ የሚያልፈው ከባድ መኪና የሚተፋው ቅባት ያለው ጥላሸት አለ። ሁለቱ ተጣብቀው የውስጡን ኮይል እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍኑታል። ኮይሉ ሲታፈን ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ላይ የመምጠጫው ግፊት ዝቅ ይላል፤ ያን ያየ ችኩል ቴክኒሻን ጋዝ ይጨምራል። ለጊዜው የተሻለ ይመስላል። ቆይቶ አንድ ሰው ኮይሉን ሲያጥበው የተጨመረው ትርፍ ይሆናል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) ብዙ አምፔር ይስባል፤ በግንቦት ሙቀት ብሬከር መጣል ይጀምራል። መፍትሄው ጋዙን በማውጫ ማሽን አውጥቶ፣ ቱቦውን ቫኪዩም (አየር አልባ) አድርጎ፣ መለያ ሰሌዳው ላይ በተጻፈው ግራም ልክ በሚዛን መሙላት ነው። አር-410ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ ቅልቅል ስለሆነ በፈሳሽነቱ ነው የሚገባው። በግምት «ትንሽ ጨምርበት» የሚባል ነገር የለም።

ምልክት፦ ከታጠበ በኋላ ባሰበት፤ ውኃ ይተፋል፣ ነጭ ዱቄት ወይም ሰማያዊ ቅርፊት ይወጣል

እዚህ ላይ ረጋ ብለው ያንብቡ። ፊኑ ላይ ያለው ሰማያዊ ወይም ወርቃማ ቀለም ለጌጥ አይደለም፣ ሽፋን ነው። አልሙኒየሙን ከዝገት ይጠብቃል፤ በውስጡ ኮይል ላይ ደግሞ ጤዛው ሳይንጠባጠብ ሳስቶ ተዘርግቶ ወደ ታች እንዲወርድ ያደርጋል። ሽፋኑ ሲላጥ ውኃው ፍሬ ፍሬ ሆኖ በፊኖቹ መካከል ይቆማል፣ መተላለፊያውን ይዘጋል፣ ብሎወሩም እየነጠቀ አልጋ ላይ ይረጨዋል። ሰው «ቱቦው ተዘግቷል» ብሎ ቱቦ ሲቀይር ይከርማል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኮይሉን አጽድተው አድርቁና በጣትዎ ጫፍ አንድ ጠብታ ውኃ ፊኑ ላይ ያሳርፉ። ተዘርግታ ጠፍጣፋ ከሆነች ሽፋኑ አለ። በቆባ ቅጠል ላይ እንዳለ ጠል ክብ ሆና ከቆመች ሽፋኑ ሄዷል፣ ወይም ቅባት ቀርቷል፤ አንዴ በሳሙና ደግመው ይሞክሩ።

የሽፋኑና የፊኑ ገዳዮች ይታወቃሉ። አንደኛው የላቫጆ ፓምፕ ነው፤ ፊኑ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ የመኪና ጭቃ የሚፈነቅል ግፊት ሲያርፍበት እንደ ስንዴ ማሳ ይተኛል። የተኛውን ፊን በፊን ማበጠሪያ ያቃኑ እንጂ በቢላዋ አይሞክሩ። ሁለተኛው ኮስቲክ ሶዳ ነው። ሲረጩት የሚንተከተከው ነጭ አረፋ «ቆሻሻው እየወጣ ነው» ያሰኛል፤ እየተበላ ያለው ግን አልሙኒየሙ ራሱ ነው። የሴራሚክ ማጽጃ አሲድም ያው ነው። በረኪና ደግሞ አልሙኒየሙንም መዳቡንም ይበላል። በረኪናና አሲድ አንድ ላይ ከሆኑማ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ በተዘጋ መኝታ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል።

የተላጠውን በስፕሬይ ቀለም መቀባት መፍትሄ አይደለም፣ ፊኑን ደፍኖ ሙቀት ያፍናል። ለውጭው ኮይል ተብሎ የተሠራ መከላከያ ሽፋን ከተገኘ ጥሩ፤ የውስጡ ነጭ ዱቄት ካበቀለ ግን ኮይሉን መቀየር ነው። ሲገዙም ሰማያዊ ስለሆነ ብቻ አይመኑ፤ በጥፍር ሲፋቅ የሚነሳ ሽፋን ገበያ ላይ አለ።

አጠባቡ

ብሬከሩን ያጥፉ፣ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) እንዲራገፍ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ቦርዱንና የብሎወር ሞተሩን በላስቲክ ይጠቅልሉ፣ ከሥር የማጠቢያ ሸራ አንጠልጥለው ጫፉን ባልዲ ውስጥ ያግቡ። ደረቁን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች፣ በፊኑ አቅጣጫ ብቻ ያራግፉ፤ አግድም አንዴ ከሳቡ ፊኑ ተኛ ማለት ነው። ከዚያ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ6 እስከ 8 የሆነ የኮይል ማጽጃ በጠርሙሱ ላይ ባለው ልክ በጥብጠው ይርጩ። ከሌለ በ5 ሊትር ለብ ያለ ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይበቃል። የፈላ ውኃ አይሆንም። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያቆዩት፣ እንዳይደርቅ፤ ከዚያ ሳሙናው እስኪጠፋ ድረስ በንጹህ ውኃ በቀስታ ያለቅልቁ። የቀረ ሳሙና አቧራ ይስባል።

መርጫውን በተመለከተ፦ ለሽንኩርትና ለማሾ ኬሚካል የዋለ የጀርባ መርጫ ተውሶ ኤሲ የሚያጥብ አለ። የቱንም ያህል ቢታጠብ አይሆንም። ቅሪቱ ኮይሉ ላይ ይደርቅና ሌሊቱን ሙሉ የተኛ ሰው ላይ ይነፍሳል።

የውጭው ማሽን አየር የሚስበው ከጀርባው ስለሆነ ቆሻሻው የሚቀመጠው በውጭ ገጽ ላይ ነው። ክዳኑን አንስተው ከውስጥ ወደ ውጭ ያጥቡት፤ ከውጭ ቢገፉት ኮይሉ ድርብ ከሆነ እብቁ መሃል ገብቶ ይጠቀጠቃል። የፋን ሞተሩንና የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ይሸፍኑ። ምላጩን ለማውረድ ከፈለጉ የአንዳንዱ ዳዶ ጥርሱ ግልብጥ መሆኑን አይርሱ፤ በጉልበት ከመጎተትዎ በፊት በሁለቱም አቅጣጫ ይሞክሩት።

ምልክት፦ ኮይሉ ንጹህ ነው፣ አየሩ ግን ደካማ ነው፣ ወይም ይንቀጠቀጣል

ብሎወሩ ነው። ረጅሙ በርሜል መሳይ ፋን ምላጮቹ እንደ ማንኪያ ጎድጓዳ ናቸው፤ ጉድጓዱ በጥቁር ቆሻሻ ሲሞላ ፋኑ ይዞራል እንጂ አየር አይቀዳም። በባትሪ መብራት በአየር መውጫው በኩል ቢያዩ ይታያል። እያንዳንዱን ምላጭ በጥርስ ብሩሽ ያጽዱ፣ በእጅ እያዞሩ እስከ መጨረሻው። ግማሹን አጽድቶ ግማሹን መተው ካለማጠብ ይብሳል፤ ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታውን ይበላል። ምላጩ ላይ የተሰካች ትንሽ ብረት ካዩ አትንኳት፣ ከፋብሪካ የመጣች የሚዛን ማስተካከያ ናት።

ፋኑ እየተንፏቀቀ ተነስቶ በእጅ ሲገፋ የሚሄድ ከሆነ ካፓሲተሩን ይቀይሩ፤ ቮልቴጅ ከወረደ ደግሞ ስታቢላይዘር ያስገቡ። ሲጮህ ዘይት ማንጠባጠብ ለሳምንት ነው፤ ኩሽኔታውን ይቀይሩ።

ምልክት፦ ይሸታል

ክረምት ላይ የሚመጣ ሻጋታ ነው። ከማጥፋትዎ በፊት 20 ደቂቃ ፋኑን ብቻ ያስነፍሱ። የውኃ ቱቦው በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲሜትር ዝቅ እያለ መውረድ አለበት።

ደጋ ላይ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ አየሩ ከባህር ጠለል ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ፋኑ እኩል ቢዞርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ ችላ የሚባል አቧራ እዚህ ቶሎ ይሰማል። በሌላ በኩል የሰርቨር ክፍል ኤሲ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት በረዶ ከሠራ ኮይሉን አሥር ጊዜ ቢያጥቡትም አይለወጥም። ውጭው በጣም ስለሚበርድ የኮንደንሰሩ (የውጭው ኮይል) ግፊት ይወርዳል፤ የሚያስፈልገው የውጭውን ፋን ፍጥነት የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ነው።

ቆላ ላይ ዋናው እጥበት ውቂያው አልቆ ሙቀቱ ሳይጀምር፣ ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት መግቢያ ይሁን፤ ፊልተሩ ግን በውቂያ ወራት በየሁለት ሳምንቱ።